አጭር ሞላ ወይስ ኮይሎቨር? ጎልፍ 7 ጂቲአይ፣ ከመግዛቴ በፊት ምከሩኝ

ጥቁር_ጂቲአይ፦
ሰላም ሰላም። ጎልፍ 7 ጂቲአይ አለችኝ። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት አላስቀምጥ አለኝ፣ እጅ ሙሉ ያስገባል። 30 ሚሜ ያህል ዝቅ ላደርጋት ወስኛለሁ። ያልወሰንኩት በምን እንደሆነ ነው። አንደኛው መንገድ ሞላውን ብቻ በአጭር መቀየርና የፋብሪካውን ሾክ አብዞርበር እዚያው መተው ነው። ሁለተኛው ኮይሎቨር ነው፣ ሞላና ሾክ ተገጣጥመው የሚመጡት፣ ከፍታውን በቀለበት የምታስተካክለው። ዋጋቸው አይገናኝም፣ ኮይሎቨሩ እጥፍ ድርብ ነው።

መኪናዋ የሥራም የቤትም ናት። ኋላ ልጆች ይቀመጣሉ። ትራክ ምናልባት በዓመት አንዴ፣ እሱም ከቀናኝ። አንዱ ጓደኛዬ "ሞላ ብቻ መቀየር ግማሽ ሥራ ነው" ይለኛል። ሌላው "ኮይሎቨር ጀርባህን ያስለቅስሃል" ይላል። ማንን ልስማ?

ኩርባ_ወዳጅ፦
ኮይሎቨር። ሌላ ምን ወሬ አለ። ሞላ ትገጥማለህ፣ ትንሽ ቆይተህ "ፊቷ ቀረ፣ ኋላዋ በዛ" ትላለህ፣ ከዚያ ምንም ማድረግ አትችልም። ሞላ የተሠራበት ቁመት ያው ነው። ኮይሎቨር ከሆነ ቀለበቱን ትፈታለህ፣ ታዞራለህ፣ አለቀ። ሁለቴ ከመክፈል አንዴ ክፈል።

ሰባራ_ቸርኬ፦
የእኔዋ አምስት ሰው ስጭንባት በነጻ ዝቅ ትላለች። ሃሃ

ጋሼ_መፍቻ፦
ወጣቶች፣ ረጋ በሉ። ሁላችሁም የምታወሩት ስለ ከፍታ ነው። ከፍታው ለዓይን ነው። መኪናዋን መንገድ ላይ የሚይዛት ሾኩ ነው።

ሞላ መኪናዋን ይሸከማል። ጉብታ ሲመጣ ይጨመቃል፣ መልሶ ይዘረጋል፣ ብቻውን ቢተው ደግሞ እየዘለለ ይቀጥላል። ያንን ዝላይ የሚያስቆመው ሾኩ ነው። ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቫልቭ ሲያልፍ የዝላዩን ጉልበት ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ፋብሪካው ያንን ቫልቭ የለካው ለራሱ ሞላ ነው። አጭር ሞላ ደግሞ ማጠሩ ብቻ አይደለም፣ ጠንከርም ይላል። ግዱን ነው። መኪናዋ 30 ሚሜ ዝቅ ስትል ሾኩ ለመጨመቅ ከነበረው መንገድ 30 ሚሜው ተበልቷል። 80 ከነበረ 50 ቀረ በሉ። ሞላው ካልጠነከረ በየጉብታው ዘንጉ ላይ ያለው ላስቲክ፣ ባምፕ ስቶፕ የምትሉት፣ እየተመታ ነው የምትሄዱት።

ስለዚህ ሰው "ዝቅ አድርግልኝ" ብሎኝ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው የሾኩን ዕድሜ ነው። ስንት ኪሎሜትር ሄዷል? ዘይት ያንጠባጥባል? 100 ሺህ ያለፈ ሾክ ላይ አዲስ ጠንካራ ሞላ መጫን፣ ደክሞት የተቀመጠን ሰው ጆንያ ማሸከም ነው።

ቁጥር_ወዳድ፦
ጋሼ ያሉትን በቁጥር ላስቀምጠው። የሚያስፈልገው የሾክ ጥንካሬ ከሞላው ጋር እኩል አያድግም፣ ከስኩዌር ሩቱ ጋር ነው የሚያድገው። ሞላው በ30 በመቶ ከጠነከረ፣ መኪናዋ እንደ ድሮዋ እንድትረጋጋ ሾኩ 14 በመቶ ያህል ቢጠነክር ይበቃል። ይሄ ብዙ አይደለም። ሾክህ ጤነኛ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሚሜ የሚያወርድ ሞላ ይችላል፣ ምናልባት ትንሽ ላላ ያለ ስሜት ይሰጥሃል። ሾኩ ቀድሞ የደከመ ከሆነ ግን ሁለቱ ይደመሩና በፍጥነት ጉብታ ካለፍክ በኋላ መኪናዋ አንዴ ሁለቴ ትዘላለች። 50 ሚሜ የሚያወርድ ሞላ በፋብሪካ ሾክ ላይ? ተወው።

ሌላ ልብ በል። የጂቲአይ ሳስፔንሽን ከተራው ጎልፍ 7 ቀድሞውኑ 15 ሚሜ ዝቅ ያለ ነው። የሞላው ሳጥን ላይ "30 ሚሜ" ሲልህ ከየትኛው ሞዴል ተነስቶ እንደለካ አንብብ። ከተራው ከሆነ ለአንተ የሚደርስህ 15 ነው።

ጥቁር_ጂቲአይ፦
ስለ 15ቷ መንገርህ ጥሩ ነው። ጋሼ፣ አንድ ልጠይቅዎት። ሞላው ከጠነከረ ምቾቱ አይጠፋም? ልጆቹ ኋላ ናቸው።

ጋሼ_መፍቻ፦
በደህና ሞላ ብዙም አይጠፋም። ለመንገድ የሚሠሩት አብዛኞቹ ፕሮግረሲቭ ናቸው። ሞላውን በእጅህ ይዘህ እየው። በአንድ ጫፉ ዙሮቹ ተቀራርበው ተጠምጥመዋል፣ ወደ ሌላው ጫፍ እየሰፉ ይሄዳሉ። ጭነት ሲመጣ የተቀራረቡት ቀድመው ይነካኩና ከሥራ ይወጣሉ። የሚሠራው ዙር ሲያንስ ሞላው ይጠነክራል። ለትንሽ ጉብታ ለስላሳ፣ ለትልቅ ጠንካራ ይሆናል ማለት ነው። ትራክ የሚሄዱት ግን አይወዱትም፣ ኩርባ መሃል ጥንካሬው ስለሚቀያየርባቸው። እነሱ ሊኒየሩን፣ ጥንካሬው የማይቀያየረውን ነው የሚመርጡት።

ምቾት የሚያጠፋው ብዙ ጊዜ ያ ባምፕ ስቶፕ ነው። "ሞላው ድንጋይ ሆነብኝ" የሚል ሰው መኪና ሥር ስገባ ሞላው ምንም አላጠፋም፣ ባምፕ ስቶፑ ነው ተደቁሶ፣ ጠርዙ ተፈርፍሮ የማገኘው። አንዳንድ ሞላ ባምፕ ስቶፑ ይቆረጥ የሚል መመሪያ ይዞ ይመጣል፣ ያኔ በተባለው ልክ ይቆረጣል። ካልተባለ ቢላዋ አይነካውም። እሱም በራሱ እንደ ሁለተኛ ሞላ ሆኖ የተሠራ ነገር ነው።

ኩርባ_ወዳጅ፦
ጋሼን አከብራለሁ፣ ግን የሚሉት ሁሉ ኮይሎቨር ይሻላል የሚለውን ነው የሚያጠናክርልኝ። አምራቹ ሾኩን ለሞላው ለክቶ ነው የሚሠራው። ሾኩ ራሱ አጭር ስለሆነ መንገዱ አይበላም። ጥንካሬውን በክሊክ፣ ቀጭ ቀጭ በሚል ማዞሪያ ታስተካክላለህ፣ ለሥራ ስትሄድ ታላላዋለህ፣ ለትራክ ታጠብቀዋለህ። አራቱን ጎማ ሚዛን ላይ አቁመህ ክብደቱን ማካፈልም ትችላለህ፣ የፊት ግራና የኋላ ቀኝ ተደምረው የጠቅላላው 50 በመቶ እንዲሆኑ። በሞላ ይሄን ሞክራት እስቲ። ከፈለግክ ደግሞ 60 ሚሜ ታወርዳታለህ።

ቁጥር_ወዳድ፦
የሚዛኑ ነገር እውነት ነው። ግን ሹፌሩ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ስታቢላይዘሩ (ግራና ቀኙን የሚያያይዘው ዘንግ) ተፈትቶ፣ የጎማ አየር ተለክቶ የሚሠራ ሥራ ነው። ልጅ ለምታመላልስ መኪና ማን ያደርገዋል?

ክሊኩንም ሁሉም ኮይሎቨር የለውም። ኬደብሊው የሚባለውን አምራች ብንወስድ ቪ1 የሚስተካከለው ከፍታው ብቻ ነው፣ ሾኩ ተለክቶ ይመጣል። ቪ2 ላይ ሪባውንዱን ታስተካክላለህ፣ ማለትም ሾኩ ሲዘረጋ ያለውን ጥንካሬ። ቪ3 ላይ ሲጨመቅ ያለውንም ለብቻው። ለዕለት መንገድ በደንብ የተለካና የማይስተካከል ሾክ፣ ክሊክ ከበዛበትና ልኩ ከማይታወቅ ሾክ ይሻለኛል። እንዲያውም ክሊክ የሌለው ቢሆን ሰው እየነካካ አያበላሸውም።

ወደ ቀለበቱ ልምጣ። ብዙ ሰው ቀለበቱን ወደ ላይ ሲያዞር ሞላው የጠነከረ ይመስለዋል። አይጠነክርም። ሞላው 6 ኪሎ በሚሜ ነው፣ በእሱ ላይ የሚያርፈው ክብደት 360 ኪሎ ነው እንበል። መኪናዋ መሬት ላይ ስትቆም ሞላው 60 ሚሜ ይጨመቃል። አሁን መኪናዋን በክሪክ አንስተህ ቀለበቱን 10 ሚሜ ወደ ላይ አዞርክ። ስታወርዳት ሞላው አሁንም በድምሩ የሚጨመቀው 60 ነው፣ ክብደቱ አልተለወጠማ። 10ሩን ግን አንተ ቀድመህ ስለጨመቅከው ሾኩ የሚገባው 50 ብቻ ነው። መኪናዋ 10 ሚሜ ከፍ አለች፣ ሞላው ያው 6 ኪሎ በሚሜ ነው።

ወደ ታች ስታዞረው የዚህ ተቃራኒ ነው፣ ሾኩ እየገባ ወደ ባምፕ ስቶፑ ይጠጋል። "መንገዱ አይበላም" የሚባለው እስከ ተወሰነ ከፍታ ድረስ ነው እንግዲህ። ከዚያ በታች ካወረድከው ክሪክ ላይ ስትወጣ ሞላው ላልቶ ሲንኳኳ ትሰማዋለህ። የሾኩ የታችኛው እግር ራሱ በጥርስ የሚረዝምና የሚያጥርባቸው ኪቶች አሉ። እነሱ ላይ ከፍታውን ብትቀይርም የሾኩ መንገድ እንዳለ ይቆያል።

60 ሚሜውን ደግሞ እርሳው ወንድሜ። የጎልፍ ፊት ማክፈርሰን ነው፣ ጎማውን ከላይ ሾኩ ራሱ፣ ከታች ደግሞ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው ክንድ ይይዙታል። በጣም ዝቅ ስትል የታችኛው ክንድ የጎማው ጫፍ ወደ ላይ ይቀናል፣ ሮል ሴንተሩ (መኪናዋ ኩርባ ላይ የምትዘነበልበት ማዕከል) የመኪናዋ የክብደት ማዕከል ከወረደው በላይ ይወርዳል። ውጤቱ ኩርባ ላይ የበለጠ መዘንበል የምትፈልግ መኪና ናት። ያንን ለመያዝ ሞላውን ይበልጥ ታጠነክራለህ፣ ስታጠነክር ምቾቱ ይሄዳል።

ሰባራ_ቸርኬ፦
የሸሸሁት ፊዚክስ እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጣ።

ብርቱካን_ፖሎ፦
ኮይሎቨር የገጠምኩ የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ስለዚህ እኔም ልናገር። አልጠላሁትም። ኩርባ ላይ ተለጥፋ ነው የምትሄደው። ግን ቀለበቱን ከተገጠመ ወዲህ ነክቼው አላውቅም። የወደድከውን ከፍታ አንዴ ካገኘህ ትተወዋለህ፣ ምክንያቱም በነካካኸው ቁጥር አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) መሄድ አለ። ጭቃና ጨው የሚበዛበት መንገድ ከሆነ ጥርሱ ይዝጋል፣ ከዓመታት በኋላ ማዞር ብትፈልግ እንኳ አይዞርም። የማይዝግ ብረት ካልሆነ በብሩሽ እያጸዳህ ቅባት መቀባት አለብህ። ማን ያደርገዋል እሱን?

ድምፁም አለ። የእኔ ኪት ከላይ ፒሎቦል ነበረው። ላስቲክ የለም፣ ብረት በብረት ነው። ከጎማ ሥር የምታልፍ ጠጠር ሁሉ ጆሮህ ውስጥ ናት። በኋላ በላስቲክ አስቀየርኩት።

ሌላው የገጠመው ጋራዥ ነው፣ ስሙን አልጠራም። የክንዶቹን ብሎን ያጠበቁት መኪናዋ ሊፍት ላይ ተሰቅላ፣ ጎማዎቿ አየር ላይ ተንጠልጥለው ሳለ ነው። ጎሚኒዎቹ፣ የክንዶቹ መጋጠሚያ ላስቲኮች፣ ብዙም ሳይቆዩ ተቀደዱ። "ዝቅ ስላለች ነው" አሉኝ።

ጋሼ_መፍቻ፦
ልጄ፣ ይሄን ስላነሳሽ እግዜር ይስጥሽ። ዝቅ ስላለች አይደለም። የክንዱ ጎሚኒ ላስቲክ ከውስጥም ከውጭም ብረቱ ላይ የተጣበቀ ነው። ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ ላስቲኩ አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል። ተንጠልጥሎ ሳለ ካጠበቁት፣ መኪናዋ መሬት ስትነካ ገና ቆማ ሳለች ላስቲኩ ተጠምዝዟል። ጉብታ ሲጨመርበት ይቀደዳል። ትክክሉ ብሎኑን አስገብቶ ሳያጠብቁ መተው፣ ክንዱን በክሪክ መኪናዋ ስትቆም እስከሚሆንበት ከፍታ ማንሳት፣ ከዚያ ማጥበቅ ነው። ሞላም ይሁን ኮይሎቨር ሥራው ያው ነው፣ ይሄን የማያደርግ ጋራዥ ጋ አትሂዱ።

ጎልፍ ላይ ደግሞ ብዙዎቹ የሳስፔንሽን ብሎኖች በቶርክ፣ በተለካ ጉልበት፣ ከጠበቁ በኋላ በተወሰነ ዲግሪ ተጨማሪ የሚዞሩ ናቸው። ይሳባሉ። አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ይተካሉ። ከሞላው ጋር አብረህ እዘዛቸው።

እቤቴ እሠራዋለሁ የምትል ካለህ ደግሞ፣ የፊቱን ሞላ ከሾኩ ላይ ለማውጣት መጨመቂያ ግድ ነው። ርካሽ መጨመቂያ አትግዛ። የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል።

ዝምተኛው_ሹፌር፦
ሦስተኛውን መንገድ ለምን ማንም አያነሳም? አጭር ሞላ ከሚገባው ሾክ ጋር። ቢልስታይን የሚባለው አምራች ቢ8 ለአጭር ሞላ ተብሎ ያጠረ ሾክ ነው፣ ቢ6 ደግሞ ለፋብሪካው ቁመት። ቢ12 የሚሉት ቢ8ን ከአይባክ ሞላ ጋር በአንድ ሳጥን የያዘውን ነው። የኮኒ ስፖርትም አለ፣ ሪባውንዱ የሚስተካከል። የሚዝግ ቀለበት የለም፣ ሾኩና ሞላው ተለካክተው ነው የሚመጡት። የምታጣው ከፍታ ማስተካከያውን ነው፣ እሱን ደግሞ እህታችን እንዳለችው የሚነካው የለም። የማይነካ ነገር ላይ ከምከፍል ሾኩ ላይ ብከፍል ይሻለኛል።

ኩርባ_ወዳጅ፦
እሺ ይሄኛው ላይ ብዙ አልከራከርም። ደህና ኮይሎቨር ግን ይበልጠዋል።

ዝምተኛው_ሹፌር፦
ሁሉም ሰው ሲከራከር ስለ ደህናው ያወራል፣ ሲገዛ ርካሹን ይገዛል።

ጥቁር_ጂቲአይ፦
አቦ ይመቻችሁ ሁላችሁም። ቢ12 ላዝ ስል አንድ ነገር ገታኝ። ገጹ ላይ ኤሌክትሮኒክ ሾክ ላላቸው አይሆንም ይላል። የኔዋ ላይ ኮምፎርት፣ ኖርማል፣ ስፖርት የሚል ምርጫ አለ። ዲሲሲ የሚሉት ይሄ ነው እንዴ?

ሰባራ_ቸርኬ፦
ይሄን በመጀመሪያው መስመር አትጽፍም ነበር? ሃሃሃ

ቁጥር_ወዳድ፦
ጎማውን አዙረህ የፊቱን ሾክ እየው። ገመድ ከገባበት ዲሲሲ ነው፣ ነገሩም ሁሉ ተቀየረ። ዲሲሲ ላይ የሾኩን ቫልቭ ኮምፒውተሩ እየነዳህ ሳለ ያጠነክረዋል፣ ያላላዋል። ተራ ኮይሎቨር ከገጠምክ ያንን ሁሉ ታጣለህ። ዳሽቦርዱ ላይም መብራት ይበራል፣ ለማጥፋት ኮምፒውተሩን የሚያታልል ሞጁል ያስፈልጋል። ሶኬቱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ኮይሎቨር አለ፣ ኬደብሊው ይሠራል፣ ዋጋው ግን ሌላ ዓለም ነው። ለክሊክ ብለህ ፋብሪካው የሰጠህን ራሱን የሚያስተካክል ሾክ ማውጣት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው።

ለዲሲሲ እንደሚሆን በግልጽ የተጻፈበት አጭር ሞላ ግዛ። ሾኩ ይቆያል፣ ሦስቱም ምርጫ ይሠራል።

ኩርባ_ወዳጅ፦
ዲሲሲ ካለማ እኔም ሞላ ነው የምለው። ክርክሬን አነሳለሁ፣ ለዛሬ።

ጋሼ_መፍቻ፦
ሞላውን ከማዘዝህ በፊት ሾኮቹን አስፈትሽ። ኪሎሜትሩ ስንት ነው? አሁንም አልነገርከንም። ዘንጉ ዙሪያ ዘይት ካለ፣ እርጥበት ብቻ ሳይሆን የሚወርድ ዘይት፣ መጀመሪያ ሾክ ነው። የፊቶቹን ጥንድ ወይም የኋላዎቹን ጥንድ አብሮ እንጂ አንዱን ብቻ አይቀየርም። የላይኛውን መቀመጫና ቤሪንጉንም እዚያው እያለህ ቀይረው፣ ለእሱ ብለህ ሁለተኛ አታስፈታ።

ከመፈታቷ በፊት ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለክተህ አራቱንም ጻፍ። ከመሬት አትለካ፣ የጎማ አየርና የጎማ እልቀት ያሳስትሃል። ኋላዋ ላይ ብዙ አታውርድ። ልጆቹና ሻንጣው ሲጨመሩ እሷው ትወርዳለች።

ከተገጠመ በኋላ ትንሽ ንዳት፣ ሞላው ቦታውን ይያዝ፣ ከዚያ አላይመንት። ጎማ የሚበላው ካምበር (ጎማው ከፊት ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ) ነው ሲሉ ትሰማለህ፣ ይበልጥ የሚበላው ግን ቶ (ከላይ ሲታይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩ) ነው። ኋላ ላይ ካምበሩ በኤክሰንትሪክ ብሎኑ፣ ሲዞር ክንዱን በሚገፋው፣ ይስተካከላል። ፊት ላይ ግን ከፋብሪካው የካምበር ማስተካከያ የለም፣ ሁለቱ ጎን ካልተመጣጠኑ ሰብፍሬሙን (ክንዶቹ የሚታሰሩበትን ብረት) ትንሽ መግፋት ነው ያለው አማራጭ።

ዝምተኛው_ሹፌር፦
ጋሼ ባሉት ላይ አንድ ልጨምር። ከመገጠሙ በፊት የሾኩ ዘንግ ላይ ቀጭን ዚፕ ታይ እሰርበት፣ አታጥብቀው፣ እየተገፋ መንሸራተት አለበት። ከባዱን መንገድህን ልጆቹንም ጭነህ ንዳውና ተመልሰህ እየው። ሾኩ የገባውን ያህል ዚፕ ታይዋ ዘንጉ ላይ ተገፍታ ትቀራለች። ባምፕ ስቶፑ ጋ ተጣብቃ ካገኘሃት ሾኩ እስከዚያ ድረስ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ፎረም ላይ "ያንኳኳል፣ አያንኳኳም" እያልን ከምንጨቃጨቅ እሷ ትነግርሃለች።

ጥቁር_ጂቲአይ፦
ገመድ አለው፣ ዲሲሲ ነው። ኪሎሜትሩ ከ100 ሺህ አልፏል ጋሼ። ኋላ ግራው ላይ እርጥበት አይቻለሁ፣ የሚወርድ ይሁን አይሁን እንዲያዩልኝ ቀጠሮ ይዣለሁ። ደህና ከሆነ ለዲሲሲ የተሠራውን፣ ከጂቲአዩ ከፍታ ተነስቶ 20 ሚሜ የሚያወርደውን ሞላ አዝዛለሁ። ካልሆነ ሾኩ ይቀድማል፣ ክፍተቱን ሌላ ጊዜ አየዋለሁ።

የመጨረሻ ጥያቄ፦ የፊት መብራቱ ራሱን የሚያስተካክል ነው። ዝቅ ስትል እሱም አብሮ ይዛባል እንዴ?

ቁጥር_ወዳድ፦
ሊዛባ ይችላል። መብራቱም ዲሲሲውም የመኪናዋን ከፍታ የሚያነቡት ክንዶቹ ላይ ካሉ ሴንሰሮች ነው፣ አዲሱን ከፍታ ካላስተማርካቸው በድሮው ልክ ነው የሚያስቡት። መኪናዋ ደልዳላ ወለል ላይ ባዶዋን ቆማ በዲያግኖስቲክ መሣሪያ ቤዚክ ሴቲንግ፣ አዲሱን ከፍታ እንደ መነሻ ማስመዝገብ፣ ይደረግላቸዋል። ከመስታወቱ ጀርባ ካሜራ ካላት እሱም ካሊብሬሽን ይፈልጋል። ይሄን ከአላይመንቱ በኋላ አስደርገው፣ በፊት አይሆንም። ካሜራው ቀጥታ የሚለውን የሚወስደው ከኋላ ጎማዎችህ አቅጣጫ ነው።